ለባለቤቱ ተነግሮት ነበር

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በየለቅሶ ቤቱ አንድ ቃል ሰማሁ፤ «ቀናቸው ደርሶ ነው»። ቃሉን የሚናገሩት ክፉዎች አልነበሩም። ንፍሮ የሚያዞሩ፣ የተጎዳውን ሰው አቅፈው የሚያለቅሱ፣ ከልባቸው ያዘኑ ሰዎች ናቸው። ቃሉም በቦታው ሲሆን መድኃኒት ነው። ጠግቦ ኖሮ በልጅ ልጆቹ መካከል ለሚያርፍ ሽማግሌ ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል? በዚያ ወር ግን በሰማሁት ቁጥር ያመኝ ነበር። 157 ሰው በስድስት ደቂቃ ያለቀበትን የአውሮፕላን አደጋ በእግዚአብሔር ላይ ጥሎ ወደ ቤት መሄድ ለሟቾቹም ለእግዚአብሔርም ፍትሕ ሆኖ አልታየኝም። ዛሬም አይታየኝም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሃንጋር ውስጥ ነው፤ የአቪዮኒክስ ቴክኒሺያን ነበርኩ። አውሮፕላን የሚያይበትን፣ የሚሰማበትንና የሚናገርበትን ዕቃ ነው የጠገንኩት፤ ሬዲዮውን፣ ራዳሩን፣ ሴንሰሮቹን፣ ኮምፒውተሮቹን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ስለ ምሥጢረ ንስሐ ስንማማር ከእነሱ አንዱ፣ ባንክ ቤት ሶፍትዌር የሚጽፍ ልጅ፣ እጁን አነሣና «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ኃጢአት ይሠራል?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። የጠየቀኝ ስለ በረራ 302 መሆኑ ገባኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ጥያቄ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሰንበት፣ ቅድስት። ከጠዋቱ 2፡38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነው፤ አየር መንገዱ ከተረከበው አራት ወር እንኳ አልሞላውም። ካፒቴኑ የ29፣ ረዳት አብራሪው የ25 ዓመት ልጆች ናቸው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሴንሰር አለ፤ አውሮፕላኑ ነፋሱን በስንት ዲግሪ እንደሚገጥመው ይለካል። ከመሬት እንደለቀቁ የግራው ተበላሸ። የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲል የግራው 74 ዲግሪ ተኩል አለ። ይህ ለመንገደኛ አውሮፕላን የማይሆን ቁጥር ነው፤ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይ ሰው ውሸት መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል። ኤምካስ የሚባለው ፕሮግራም ግን ቁጥሩን አመነ። አፍንጫው ከልክ በላይ ሽቅብ ወጥቷል ብሎ፣ ጭራው ላይ ያለውን አግድም ክንፍ አንቀሳቅሶ አውሮፕላኑን ቁልቁል ደፋው። አብራሪዎቹ ጎትተው አነሡት። መልሶ ደፋው። በቼክሊስቱ መሠረት የክንፉን ኤሌክትሪክ ዘጉና በእጅ መዘውር ሊመልሱት ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት የአየሩ ግፊት መዘውሩን አላዞር አላቸው። ኤሌክትሪኩን መልሰው ሲያበሩ ፕሮግራሙም አብሮ ተመለሰ። 2፡44 ላይ ከቢሾፍቱ ወዲያ፣ ቱሉ ፋራ በሚባለው ቦታ፣ አውሮፕላኑ መሬት ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ፣ ሙያዬ ነውና፣ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሊገድል የሚችል ነገር በአንድ ዕቃ ቃል ብቻ እንዳይወሰን ማድረግ የአቪዮኒክስ ሀሁ ነው። ፍጥነትን የሚለካው ከአንድ በላይ ነው፤ ከፍታም እንዲሁ። ኮምፒውተሮቹ ቁጥራቸውን ያስተያያሉ፤ ካልተስማሙ አለመስማማታቸውን ለአብራሪው ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ነው። ኤምካስ ግን ሁለት ሴንሰር እያለለት በአንድ በረራ የሚያደምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ኦሪት ዘዳግም ማንም ሰው በአንድ ምስክር ቃል እንዳይገደል፣ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዛል። ይህ ሕግ ሲጻፍ ኤሌክትሪክ አልነበረም። ሕጉ የሚያውቀው ግን አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንድ ምስክር ስሕተት የሰው ነፍስ እንደሚያጠፋ። በዚያ እሑድ 157 ሰው የሞተው በአንድ ምስክር ቃል ነው። ሁለተኛው ምስክር በአፍንጫው ቀኝ በኩል ሆኖ እስከ መጨረሻው እውነቱን ይናገር ነበር፤ ፕሮግራሙ እንዲጠይቀው ሆኖ አልተሠራም።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? ማክስ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሚበር አሮጌ ሞዴል ላይ ትልልቅ አዲስ ሞተሮች በመትከል ነው። ሞተሮቹ ወደ ፊትና ወደ ላይ ስለተገፉ አፍንጫው በአንዳንድ ሁኔታ ወደ ላይ የመሳብ ጠባይ አመጣ። ያንን ለማረም ኤምካስ ተጻፈ። መጀመሪያ ጭራውን በአንድ ጊዜ 0.6 ዲግሪ ብቻ እንዲያንቀሳቅስ የታሰበው ፕሮግራም ኋላ 2.5 ዲግሪ ሆነ። ስሙ ግን ከአብራሪዎች ማኑዋል ወጣ። የወጣው በመርሳት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአምራቹ ኩባንያ ከቦይንግ በኩል ለአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ለኤፍኤኤ፣ እንዲወጣ ጥያቄ ቀርቦ ነው። ማክስ ከቀድሞው 737 የተለየ ሆኖ ከታየና አብራሪዎች በሲሙሌተር መሠልጠን ካለባቸው ገዢዎች ተጨማሪ ወጪ ያወጣሉ። ለአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ፣ የሲሙሌተር ሥልጠና ካስፈለገ፣ ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ዋጋ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀነስለት ውል ተገብቶ ነበር። ሁለቱ ሴንሰሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ አብራሪውን የሚያስጠነቅቀው መልእክት በአብዛኞቹ ማክሶች ላይ እንደማይሠራ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ዐውቆ፣ ማስተካከያውን ለ2020 ቀጠሮ ይዞለት ነበር።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ። አባቶቻችን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይሠራል ብለው አስተምረውናል፤ በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ። ኤምካስ ገቢር ነበረው፤ ጭራውን አንቀሳቅሷል። ሐልዮ ግን የለውም። ያሰበለት ሌላ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ኃጢአት አይሠራም። የሥራው ሐልዮ ግን የትም አልጠፋም፤ ከማሽኑ ወደ ኋላ እየተከተልነው ብንሄድ ሰዎች ከተሰበሰቡበት ጠረጴዛ እንደርሳለን። ለዚህ ነው «ማሽኑ ነው የገደላቸው» የሚለው ቃል የማይዋጥልኝ። እውነት ይመስላል፤ ግን ነገሩን ገና መንገድ ላይ ያቆመዋል።

ማሽን ወይም እንስሳ ሰው ሲገድል የባለቤቱ ዕዳ ምንድን ነው ለሚለው ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ መልስ አለ፤ በትክክል ስለ በሬ ነው የሚናገረው። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። ያልታወቀ ነገር ደርሶበታልና። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ከተነገረው፣ እሱም ካልጠበቀው፣ በሬው ሲገድል ባለቤቱም አብሮ ይሞታል። ሕጉ በሬውን ለሁለት አልከፈለውም፤ በሬው ያው በሬ ነው፣ ቀንዱም ያው ቀንድ። ልዩነቱ በሙሉ ያለው «ተነግሮት ነበርን?» በምትለው አንዲት ጥያቄ ላይ ነው። ከዚህ የጠለቀ የተጠያቂነት ትምህርት በየትኛውም የምሕንድስና መጽሐፍ አላገኘሁም።

ኤምካስ መጀመሪያ የወጋው ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የኢንዶኔዥያው የላየን ኤር በረራ 610 ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ፤ 189 ሰው ሞተ። የአንዱ ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር፣ ደጋግሞ የሚደፋ አፍንጫ፣ ምን እንደያዛቸው ያላወቁ አብራሪዎች፤ ሁሉም ያው ነው። በሳምንቱ ኩባንያው ለአየር መንገዶች ማሳሰቢያ አወጣ፤ ማሳሰቢያው ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ የፕሮግራሙን ስም ግን አይጠራም። ስሙ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ የዓለም አብራሪዎች እንዲህ ያለ ነገር በእጃቸው መኖሩን ያኔ ነው የሰሙት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር አካባቢ የኤፍኤኤ ባለሙያዎች ስሌት ሠሩ። ፕሮግራሙ ካልታረመ በማክስ ዕድሜ ውስጥ እስከ 15 ሌሎች ሞት ያለባቸው አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ስሌቱ ያሳያል። አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። ይህ ሰነድ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት እስኪወጣ ድረስ አንድ ዓመት አለፈ፤ በመካከሉ የእኛ መጋቢት 1 መጣ።

ለባለቤቱ ተነግሮት ነበር። ለጠባቂው ለኤፍኤኤም ተነግሮት ነበር። ሙሉውን ያልተነገራቸው አብራሪዎቹ ናቸው።

ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። በእኛ ትምህርት ሰው ለሥራው የሚጠየቀው ነፃ ፈቃድ ስላለው ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ዕውቀት ይፈልጋል። የማያውቀውን ነገር መርጦ መተው ወይም መርጦ ማድረግ የሚችል ሰው የለም። አብራሪ የመንገደኛውን ሁሉ ነፍስ በአደራ የተቀበለ ሰው ነው። ለዚያ ሰው አደራውን ሰጥቶ ከሱ ጋር መሪውን የሚታገለውን ነገር መደበቅ ኃላፊነቱን አሸክሞ ፈቃዱን መቀማት ነው። ሰው ሳያውቅ የሚያምን ከሆነ፣ የሚያውቅና የሚደብቅ ሌላ ካለ፣ ያ እምነት ከአማኙ የተሰረቀ ነው። ከመሪው ጋር ስድስት ደቂቃ የታገሉት ሁለቱ ልጆች በየትኛውም ሰው ሚዛን ቢመዘኑ ከዚህ ነገር ተለይተው ሊመዘኑ አይገባም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ከኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ጋር በሁሉም አልተስማሙም። ሴንሰሩን ያበላሸው ወፍ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ አሜሪካኖቹ፤ የእኛዎቹ የኤሌክትሪክና የአመራረት ችግር ነው ብለዋል። አብራሪዎቹ የሞተሩን ኃይል አልቀነሱም፣ ፍጥነቱ ከልክ አለፈ የሚልም ትችት አለ። አንብቤዋለሁ፤ ቦታ የሚሰጠው ነው። ግን ወፍም ይሁን ሽቦ፣ ሴንሰር እንደሚበላሽ የማያውቅ ቴክኒሺያን የለም። ሴንሰር ሲበላሽ ሰው እንዳይሞት ነው ሁለተኛው የተተከለው።

ዘጸአት ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይጨምራል። ባለቤቱ የነፍሱ ቤዛ እንዲከፍል ከተፈረደበት የተፈረደበትን ሁሉ ይክፈል፤ የተወጋው ወንድ ልጅ ቢሆን ሴት ልጅ፣ ፍርዱ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተደራድሮ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች፣ 500 ሚሊዮኑ በሁለቱ አደጋዎች ለሞቱት 346 ሰዎች ቤተሰቦች፣ 243.6 ሚሊዮኑ ቅጣት ነው። በግለሰብ ደረጃ ለወንጀል ችሎት የቀረበው አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ነፃ ተባለ። በኩባንያው ላይ የነበረው ክስም ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ቤተሰቦች እየተቃወሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘጋ። የሕጉን ሥርዓት አልነቅፍም፤ ዳኛ አይደለሁም። ነገር ግን ቤዛ የሚከፈለው ዕዳው ከታመነ በኋላ ነው። ንስሐ የሚጀምረው በመናዘዝ መሆኑን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ቤተሰቦች ከገንዘቡ በላይ ሲጠብቁ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ማን ምን እንደሚያውቅ በችሎት ፊት በቃል እንዲነገራቸው።

ያው ኩባንያ በሌላ ጊዜ የሚገባውን ሲያደርግ አይተናል፤ ይህንንም ማንሣት አለብኝ። 787 አውሮፕላን ኃይሉ ሳይጠፋ 248 ቀን ያህል በተከታታይ ከቆየ፣ ጄኔሬተሮቹን የሚቆጣጠሩት ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለ አንድ ቆጣሪ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ጄኔሬተሮቹ በአንድ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ። ይህን ራሱ ኩባንያው በላቦራቶሪ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤፍኤኤ ትእዛዝ አወጣ፤ አውሮፕላኑ በየጊዜው ኃይሉ እንዲቋረጥ ተደረገ፤ ሶፍትዌሩ ታረመ። አንድ ሰው አልሞተም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የመጀመሪያዎቹን 787ቶች የተረከበች አገር ናት፤ ትእዛዙ እኛንም ይመለከተን ነበር። የበሬው ጠባይ ታወቀ፣ ተነገረ፣ በሬው ታሰረ። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት የቴክኖሎጂ አይደለም። ፕሮግራም ሁሉ ስሕተት አለው፤ ስሕተቱን የሚያውቀው ሰው አፉን ከፈተ ወይስ ዘጋ፣ ልዩነቱ ያ ነው።

ወጣቶቹ ከዚህ ይልቅ ስለ ሌባው መስማት ይወዳሉ። ሃከር ከመንገደኛ ወንበር ተነሥቶ በመዝናኛው ስክሪን በኩል ኮክፒት ይገባል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። 787 ሲመጣ የመንገደኛው ኔትወርክና የበረራው ኔትወርክ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ስላልተራራቁ፣ ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በ2008 ልዩ ቅድመ ሁኔታ አውጥቶ መለያየታቸው እንዲረጋገጥ አዝዟል። ይህ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ አቃልሎ የሚያየው ሰው አያስደስተኝም። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣውን ብቻ የሚጠብቅ በር ምን እንደሚሆን ዐይተናል። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የኮክፒት በር ጥይት የማይበሳው ሆነ፤ ከውስጥ ሲቆለፍ ከውጭ አይከፈትም። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር በነበረው በረራ 702 ላይ፣ ካፒቴኑ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ረዳቱ በሩን ቆልፎ 202 ሰው የያዘውን አውሮፕላን ጄኔቭ አሳረፈው፤ ማንም አልተጎዳም። በዓመቱ በጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ያው በር ተቆለፈ፤ ካፒቴኑ በሩን እየደበደበ 150 ሰው በፈረንሳይ ተራሮች ላይ አለቀ። በሩ የተሠራለትን ሥራ ሠርቷል። ሌባ አላስገባም።

ዛሬ ደግሞ ኮክፒት ሳይገቡ አብራሪን ማሳት ይቻላል። አብራሪና የምድር ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ክፍት ነው፤ ትክክለኛው ድግግሞሽ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊናገርበት ይችላል፤ «ማን ነህ?» ብሎ የሚያረጋግጥ መሣሪያ የለውም። አውሮፕላን ያለበትን ቦታ ለሌሎች የሚያሰማበት ምልክትም ማኅተም የለውም። ከእ.ኤ.አ. 2023 መጸው ጀምሮ በኢራቅ፣ በእስራኤልና በሊባኖስ አካባቢ የሚበሩ አውሮፕላኖች የሐሰት የጂፒኤስ ምልክት እየደረሳቸው ነው። ጦርነት የያዙ ሰዎች ለድሮንና ለሚሳይል የሚያሰራጩት ነው፤ መንገደኛውን አውሮፕላን ግን አብሮ ያስታል። ከደመና በላይ ያለ አውሮፕላን ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቆሜያለሁ ይላል። ሰዓቱ ይዛባል። ከዚያም የመሬት ማስጠንቀቂያው ተራራ በማይደርስበት ከፍታ ላይ «ተራራ ልትመታ ነው፣ ሽቅብ ጎትት» እያለ ይጮኻል። ቤይሩት የእኛ እኅቶች ለሥራ የሚመላለሱባት ከተማ ናት፤ በዚያ መሥመር የሚበረው አውሮፕላን የእኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሐሰተኛው ምልክት አይደለም። አብራሪው ማስጠንቀቂያው ውሸት መሆኑን ደጋግሞ ሲያይ ችላ ማለት ይለምዳል፤ አንድ ቀን በጨለማ፣ እውነተኛ ተራራ ፊት ለፊት፣ ያው ድምፅ እውነቱን ሲናገር የሚሰማው ያጣል። ውሸታም አንድ ውሸቱ አይበቃውም፤ የእውነተኛውንም ቃል ዋጋ ያሳጣል። በገዳም ያሉ አባቶቻችን ይህን ፈተና በደንብ ያውቁታል። በመጻሕፍተ መነኮሳት ትምህርት መነኩሴ በሌሊት ብርሃን ቢያይ ቶሎ አይሰግድም፤ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ይመጣልና ይመረምራል፣ ከአረጋዊ ይመክራል፣ በሌላ ምልክት ያረጋግጣል። ብርሃን ሁሉ ሐሰት ነው ብሎም ልቡን አይደፍንም። ጎበዝ አብራሪዎች ዛሬ የሚያደርጉት በሚገርም ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጂፒኤሱን ከውጭ ምንም ምልክት ከማይቀበለው የውስጥ አቅጣጫ መለኪያ ጋር ያስተያያሉ፤ የድሮውን የመሬት ሬዲዮ ጣቢያ ይጠይቃሉ፤ ተቆጣጣሪውን «የት ታየናለህ?» ይሉታል። ይህን ማድረግ የሚችሉት ግን እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደሚሰማ፣ ማን ማንን እንደሚያምን የተነገራቸው እንደሆነ ብቻ ነው። መመርመር ለማያውቅ ሰው መርምር ማለት ምን ይጠቅመዋል?

ለንስሐ አባቴ ይህን ሁሉ አንሥቼላቸው ነበር። «አባ፣ ለቅሶ ቤት ቀናቸው ደርሶ ነው ሲባል መቆጣቴ ኃጢአት ይሆን?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እግዚአብሔር ቀኑን ያውቃል። ማወቁና ማድረጉ ግን አንድ አይደለም። ይሁዳ እንደሚሸጠው ዐውቆ ነበር፤ ብሩን ግን የቆጠረው ይሁዳ ነው» አሉኝ። ከዚያ የሰሊሆምን ግንብ አነሡልኝ፤ ግንቡ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች። ጌታ ራሱ እነሱን አንሥቶ ከሌላው ሰው የባሱ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ ነቅሎ ጣለው። ሞታቸውን በሟቾቹ ላይ አላሳበበም። እኔ ከዚያ ላይ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፤ ግንብ ሲወድቅ ግንበኛውን መጠየቅ ከወንጌል ጋር አይጣላም። ኦሪት ራሱ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይመጣበት መከታ እንዲሠራ አዝዟልና።

መንገደኛ አውሮፕላኑ ሲነሣ ማማተቡ፣ ሙስሊም ወንድሙ ከጎኑ ዱዓ ማድረጉ ደስ ይለኛል፤ እኔም አማትባለሁ። እግዚአብሔር ካልጠበቀ የጠባቂ ትጋት ከንቱ መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን ጠባቂው ተኝቶ፣ ተኝቼ ነበር ሳይል፣ ጥፋቱን በእግዚአብሔር ስም ሲያልፍ ዝም የምንለው ከሆነ፣ ጸሎታችን ለሰው ቸልታ መሸፈኛ ጨርቅ ይሆናል። ኤምካስ ከብዙ ወራት እገዳ በኋላ ታርሟል፤ አሁን ሁለቱንም ሴንሰሮች ያደምጣል፤ ካልተስማሙ ይተዋል፤ ስሙም ማኑዋሉ ላይ አለ፤ አብራሪውም በሲሙሌተር ይሠለጥናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን እንደገና ማብረር የጀመረው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። እነዚህ እርማቶች አንዳቸውም ከ302 በፊት የማይቻሉ አልነበሩም።

ለጠየቅኸኝ ልጅና ለጓደኞችህ። ነገ ከእናንተ አንዱ የሚጽፈው ፕሮግራም በሆስፒታል አልጋ አጠገብ፣ በኃይል ማመንጫ ወይም በኮክፒት ይገባል። ፕሮግራማችሁ የሰው እጅ የያዘውን ነገር ሊቀማ የሚችል ከሆነ፣ ያ ሰው ስሙን፣ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚጠፋ በማኑዋሉ ላይ እንዲያገኝ አድርጉ። በአንድ ሴንሰር ቃል ሰው እንዲሞት አትፍቀዱ። ስሕተት ስታገኙ በጽሑፍ ተናገሩ፣ ቀኑንም ጻፉበት። ከማኑዋሉ አውጡት የሚል አለቃ ቢመጣባችሁ፣ አትፈርሙ።